የሰርፀ የክርስትና ስም

ዜናው የደረሰኝ ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ነው። ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ልጄ ሰርፀ ሆስፒታል ከገባ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ መግባት ስለማይፈቀድ በስልክ ብቻ ነበር የምጠይቀው። የደወለችው ሴት ቀስ ብላ፣ በትሕትና፣ ልጅሽ "ፓስድ" አለችኝ። እኛ እዚህ ላስ ቬጋስ ፈተና ያለፈን ሰው "ፓስ አደረገ" እንላለን። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣም፣ ለዜግነት ሲፈተንም እንዲሁ ነው ያልነው። የኮሮናውን ምርመራ አለፈ ማለቷ መሰለኝ። "ተመስገን! ታንክ ዩ!" ብዬ እልል አልኩ። ሴትዮዋ ጠብቂኝ አለች። ከዚያ አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገባች። አስተርጓሚው አበሻ ነበር። ምንም ከመናገሩ በፊት "እናቴ፣ ቁጭ ብለዋል?" አለኝ። ያኔ ገባኝ፤ ፓስድ ለሞተም ይባላል ለካ።

ያቺ ሴት እልልታዬን ሰምታ በልቧ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ደብዳቤዎች ከሟቹ ባለቤቴ ከመዝገቡ የአጎት ልጅ ከእትዬ አስካል ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። እሳቸው አሰላ ናቸው። በእጄ እየጻፍኩ፣ በስልክ ፎቶ እያነሣሁ በቴሌግራም እልክላቸው ነበር፤ እሳቸውም እንዲሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አንዱን ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ለሙት ዓመቱ ሲታተም ክፉውንም ቃል አላወጣሁትም።

ታየች፣ ላስ ቬጋስ

*

ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012

ለተከበሩ እትዬ አስካል፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እግርዎንስ እንዴት አድርጎታል? አምላክ ከዚህ ክፉ በሽታ ይጠብቅዎ፤ ደጅዎን ሞት አይርገጠው። የእኔን ደጅ ረግጦታል። ሰርፀ ሞቷል። በቃል ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሡም። ስለዚህ ጻፍኩ።

ትናንት ቀበርነው። ሰዉ አፉን ሸፍኖ፣ ተራርቆ ነው የቆመው። የመኪና በር እጀታ እጅ የሚልጥበት ሙቀት ነበር። ቄስ ሀብተሥላሴ "ነፍሰ ገብርከ" ብለው ጀመሩና ቆም አሉ፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፦

"የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ፣ እናቴ" አሉኝ።

"አላውቀውም፣ አባቴ።"

"እናቱ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። የሚያውቁት አገር ቤት ያሉ ሴት ናቸው።"

ሰው ሁሉ ሰማ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ለዛሬ በዓለም ስሙ እንጸልይ፣ ለአርባው ግን ስሙን ያምጡ አሉኝ።

እትዬ፣ ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ግን ለራሴም ልጽፈው ፈለግኩ። በ1980 ሰርፀ ሲወለድ መዝገቡ ከሶፊያ ተምሮ የመጣ የፓርቲ ሰው ነበር። ክርስትና የሚባል ነገር በቤቱ አይነሣም ነበር። እኔን የወሊድ ትኩሳት ሁለት ወር አልጋ ላይ አዋለኝ፤ ሕፃኑን እርስዎ አሰላ ወሰዱት። ስመለስ በአርባ ቀኑ በድብቅ አስጠምቄዋለሁ አሉኝ። ስሙን ስጠይቅዎ፣ ስም ከወጣ መተተኛ እጅ ይገባል፣ ሲያገባ እነግርሻለሁ አሉኝ። ወደዚህ አገር ስንመጣም ጠየቅኩዎ። የክርስትና አባቱ ሞተዋል፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም አሉኝ። እኔም አመንኩ።

አሁን መተት የሚያገኘው ሰውነት የለም። አርባው ሐምሌ 17 ነው። ስሙን ይላኩልኝ።

ታየች

*

አሰላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2012

ለውድ እህቴ ለታየች፣

የአብርሃም የይስሐቅ አምላክ ያጽናሽ፤ እንባሽን እሱ ይቁጠረው። ሰርፀን እኔም በዚህ ጡቴ ባላጠባው በዚህ ጀርባዬ አዝዬዋለሁ። መርዶውን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። ኢንተርኔት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ ገና በዚህ ሳምንት ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ለምን ስልክ አላነሡም ትይኛለሽ፤ ስልኬ አንዳንዴ አይጮኽም።

አርባው እንዳለፈ አውቃለሁ። ሻማ አብርቻለሁ።

ስለ ስሙ፦ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይላክም። እኔ ራሴ ለካህኑ በጆሮአቸው እነግራለሁ፤ እዚሁ ጸሎቱ ይደረሳል። ነገር ግን አሁን በኮሮናው ምክንያት ቅጽር ውስጥ ሰው አይሰበሰብም። ትንሽ ታገሺ። ለተዝካር ብለሽም ምንም አትላኪ፤ ከአንቺ አልቀበልም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምን ትቶ ሄደ? አንገቱ ላይ ምን ነበር? የጻፈው ነገር አለ? ከመታመሙ በፊት ስለ እኔ ያነሣው ነገር ነበር? ሁሉንም ጻፊልኝ።

እህትሽ አስካል

*

ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2012

ለተከበሩ እትዬ አስካል፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ሻማው እግዜር ይስጥልኝ።

በጆሮአቸው እነግራለሁ ያሉትን ለቄስ ሀብተሥላሴ በስልክ ይንገሩልኝ። ቁጥራቸውን ከታች ጽፌዋለሁ። እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ፣ አልሰማም። ሰማንያው ነሐሴ 27 ነው።

ስለ እርስዎ ምን ይል እንደነበር ለምን ጠየቁኝ? በገና ሰሞን እትዬ አስካልን በስልክ አገኘኋት አለኝ፤ ደህና ናት አለኝ፤ ሌላ አላለኝም። ሌላ የሚባል ነገር ነበር?

ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ። ስልኩ፣ ቁልፉ፣ ጫማው፣ አንገቱ ላይ የነበረው። ሰርፀ ይሠራ የነበረው ቻይናታውን ውስጥ አንዲት ወርክሾፕ ነው፤ የጥንት ነገሥታትን ዕቃ ቅጂ በነሐስ ሠርተው፣ ወርቅ ቀብተው ለሆቴል አዳራሽ ይሸጣሉ። እሱ ጽሑፉንና ምስሉን ቀራጭ ነበር። የአንገቱንም ራሱ ነው የሠራው። በአንድ ወገን መስቀል ነው። በሌላው ወገን ግን የማላውቀው ምልክት አለ። አብራኝ በሆቴል ክፍል የምታጸዳው ፈዲላ አየችውና፦

"ይሄማ መንሽ ነው፣ እትዬ! አያቶቼ ወሎ ገብስ የሚበትኑበት።"

"ግራና ቀኙ የቆሙት ሁለቱ ዘንጎችስ?"

"እነሱ ጎረቤቶቹ ናቸው" አለችኝ። ከሞተ ወዲህ ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቅኩት።

ቤት ትቶት የሄደው ደብተሩም እንዲህ ባሉ ምልክቶች የተሞላ ነው። ሁለት ገጽ ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። እስቲ የሚያውቅ ካለ ያሳዩልኝ፤ ልጄ ምን አንጠልጥሎ እንደሞተ ልወቅ።

ታየች

*

አሰላ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2012

ለውድ እህቴ ለታየች፣

ጽናቱን ይስጥሽ። የላክሽውን ለአንድ መሪጌታ አሳየሁ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። "ይህ የማን እጅ ነው?" አሉ። "የሟች ነው" አልሁ። "ጠልሰም ነው" አሉኝ። የክታብ ሰዎች የሚጽፉት፣ ዓይን ዓይን የሚያወጣ፣ ቀንድ ቀንድ ያለው ፊደል እንደሆነ፣ መስቀሉም ማሳሳቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

እህቴ፣ እኔ ባልናገር እወድ ነበር። አስማት በአንገቱ አንጠልጥሎ ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ዝም ብሎ አይደረስም። ተጣርቶ ነው። ስለዚህ ሰማንያው ይለፍ። የሰው አገር ልጅን ብዙ ያስለምዳል፤ በአንቺ አልፈርድም።

አንድ ጊዜ ደግሜ ልጠይቅሽ፦ ከገና በኋላ ከቬጋስ ወጥቶ የሄደበት ቦታ ነበር?

እህትሽ አስካል

*

ላስ ቬጋስ፣ መስከረም 20 ቀን 2013

እትዬ አስካል፣

እንኳን አደረስዎ። ሰማንያው አልፏል። ለመመለስ የዘገየሁት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እያነበብኩ ስለነበር ነው። ሰርፀ ስንመጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከምልክቱ ሥር ሁሉ ትርጉሙን ጽፎ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ የላክኩልዎ ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ቃሉን እንዳለ እገለብጣለሁ፤ ለመሪጌታው ያንብቡላቸው።

"በፈረንጅ 1799 አንድ ገበሬ ሲቆፍር አገኘው። ሃያ ሦስት የወርቅ ዕቃ ነው፤ ማሰሮ፣ ጽዋ፣ ሳህን። ዛሬ ቪየና ነው ያለው። የጥንት ቡልጋሮች ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ የአቫሮች ነው የሚሉም አሉ። እኔ አባዬ ከሶፊያ ባመጣው አልበም ስላየሁት የቡልጋሮች ብዬ ነው ያደግኩት።"

አልበሙን እርስዎም ያውቁታል፤ መዝገቡ ማንም አይንካብኝ ይል የነበረው ነው። ልጁ ግን ይነካው ነበር። አባትየው ዝም ይለው ነበር፤ ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

"አንዱ ማሰሮ ላይ ንስር ሰው ይዞ ሲወጣ ይታያል። ማንሣቱ ይሁን መንጠቁ አይታወቅም። ሁለት ሳህኖች መሐላቸው መስቀል አለ፤ ዙሪያውን በግሪክ ፊደል ስለ ውሃና ስለ መንፈስ ቅዱስ ተጽፏል። ጥምቀት ነው ይላሉ፤ አነባበቡ ላይ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ዕቃዎች ላይ በሹል ነገር የተጫሩ ምልክቶች አሉ፤ በእርግጠኝነት ያነበባቸው የለም።"

ስለ መንሹም ጽፏል፦

"ይህ ከወርቁ ላይ ሳይሆን ከቡልጋሮች ከተማ ፍርስራሽ የተገኘ ምልክት ነው። የአምላካቸው ነው የሚል አለ፤ የነገድ ነው የሚል አለ። ከተጠመቁ በኋላም አንዳንድ ቦታ ከመስቀል ጋር ይገኛል። ሰው እምነቱን ሲለውጥ እጁ ወዲያው አይለወጥም።"

ይኸው ነው፣ እትዬ። ጠልሰም አይደለም። የሰው አገር ቅርስ ነው፤ እንጀራው ነበር። መሪጌታው ማንበብ ያልቻሉት ሁሉ ጠልሰም ከሆነ የእኔ የመብራት ቢልም ጠልሰም ነው።

አሁን ምን ቀረዎት? ኢንተርኔቱ ተለቀቀ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ፤ አስማቱም አስማት አይደለም። እንደ ድሮው የቀበሌ ጸሐፊነትዎ ዛሬ ነገ እያሉ አያመላልሱኝ። ከገና በኋላ የት ሄደ ብለው የጠየቁኝንም ሳልመልስ ያለፍኩ እንዳይመስልዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለኝ እያለ ማታ ይመጣ ነበር። ለምን ጠየቁኝ?

ልጄ ሦስት ወር ተኩል መሬት ውስጥ ነው። ስሙን ይንገሩኝ።

ታየች

*

አሰላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2013

ታየች፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሞከርሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስም የለውም።

በአርባኛው ቀን ገና ሳይነጋ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድሁ። እውነት ነው፣ ሄጃለሁ። እስከ ቅጽሩ በር ደረስሁ። በሩ ላይ ከቀበሌ የማውቀው ሰው ቆሟል። ሊሳለም መጥቶ ይሁን የሚገባውን ሊቆጥር መጥቶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። "እንደምን አደርሽ፣ ጓድ አስካል" አለኝ። "ሕፃኑን አመመው?" አለኝ። "አዎን፣ ወደ ክሊኒክ ነኝ" አልሁት። ክሊኒኩ በሌላ በኩል ነው። ዞርሁ። ቤት ገብቼ ፊቱን በሞቀ ውሃ አጠብሁት። ውሃው ይኸው ነው።

አንቺ ከሆስፒታል ወጥተሽ ስትመጪ ፊትሽ አጥንት ብቻ ነበር። ከሰላምታ በፊት "ክርስትና ተነሣልኝ?" አልሽኝ። "ተነሣ" አልሁሽ። አለቀስሽ፣ እግሬን ሳምሽ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ደርግ ወደቀ፤ ያኔ ልነግርሽ ነበር። መዝገቡ ሞተ፤ ያኔም ልነግርሽ ነበር። ልጁን ጠርቼ ላስጠምቀው ብል፣ ያለፈውን ማመን ሆነብኝ። የክርስትና አባት ያልሁሽም ሰው የለም።

መሪጌታው ጠልሰም ነው ማለታቸው እውነት ነው። ግን "ልጁ የተጠመቀ ከሆነ ስሙን አምጪ፣ እንጸልይለታለን" ብለውኝ ነበር። ያንን ደብቄሻለሁ።

ሌላም አለ። በገና ማግስት ሰርፀ ደወለልኝ። ስለ ጥምቀት የተጻፈበት ሳህን እየቀረጸ እንደሆነ ነገረኝ። "እትዬ አስካል፣ የሰው አገር መኳንንት የተጠመቁበትን ስጽፍ የራሴን ስም አላውቅም፤ ንገሪኝ" አለኝ። "መተተኛ" ብዬ ጀመርሁ። "መተተኛ ቬጋስ ድረስ አይመጣም፤ ቢመጣም ካዚኖ ገብቶ ይቀራል" አለና ሳቀ። እኔ ሳቁን ስሰማ አለቀስሁ። ነገርሁት።

ከዚያ "እማዬ አሁን አትስማ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። እንዴት እንደሚያስተካክለው አልነገረኝም። አስተካክሎት ይሁን ሳያስተካክለው ሞቶ ይሁን አላውቅም። ምን ትቶ ሄደ፣ የት ሄደ እያልሁ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። አስተካክሎት ከሆነ ሳላፍር ልድን ነበር የፈለግሁት።

አስካል

*

አሰላ፣ ጥር 12 ቀን 2013

ለታየች፣

የጥምቀት ማግስት ነው። ሁለት ወር ከሦስት ቀን ሆነ፤ አልመለስሽልኝም። መልእክቴን እንዳነበብሽው ስልኩ ያሳየኛል። ስደቢኝ። እርገሚኝ። ዝም ከምትይኝ እሱ ይሻለኛል።

አስካል

*

ላስ ቬጋስ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2013

እትዬ አስካል፣

እንደምን ሰነበቱ።

አልሰደብኩዎም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ደብዳቤዎን ለቄስ ሀብተሥላሴ አነበብኩላቸው። "ውሃ ካልነካው ፍትሐት ላደርስለት አልችልም፤ በጓዳዬ ግን እንዳልቅስለት የሚከለክለኝ የለም" አሉኝ። የዚህን አገር ክረምት በዚያ ላይ ከረምኩ። ሆቴሉ ሲከፈት ሥራ ገባሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ፎጣ እቆጥራለሁ። ልጄ የት ነው ያለው የሚለውን ብቻ ነበር የማስበው። እርስዎን ማሰብ እንኳ ቅንጦት ሆነብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሚስተር ኒኮ ደወለልኝ። የወርክሾፑ ባለቤት ነው፤ አያቶቹ ግሪኮች ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የነበረውን ቤቱን ሊከፍት የሰርፀን መሳቢያ ሲያጸዳ ዕቃ አግኝቷል፤ መጥተሽ ውሰጂ አለኝ። ፈዲላ ከከተማው ዳር ከአሊያንቴ ድረስ መጥታ ወሰደችኝ።

በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ ሳህን ነው፤ መሐሉ ላይ መስቀል አለ። በደብተሩ ከጻፈላቸው ከሁለቱ ሳህኖች የአንዱ ቅጂ ነው። ሚስተር ኒኮ ሲሰጠኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ፈዲላ አስተረጎመችልኝ፦

"በዚህ ሳህን ተቆጥቼው ነበር ይላል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህን ግን ዳር ዳሩን አበላሽቶ ጻፈው። ለሆቴሉ አይሆንም፣ አልኩት ይላል። ሰርፀ 'ይሄኛው የኔ ነው፤ ከደሞዜ ቁረጥ' አለው።"

"ምኑን ነው ያበላሸው?"

"ፊደሉ ግሪክ ነው፤ ቃሉ ግን ግሪክኛ አይደለም ይላል። ከሃያ ሦስቱ አንዱ እንደዚያ ነው አሉ፤ በግሪክ ፊደል የተጻፈ የሌላ ሕዝብ ቋንቋ። ምን እንደሚል እስካሁን ይከራከሩበታል። ያንን ገልብጦ መስሎት ነበር። ግን ያም አይደለም ይላል።"

እኔ ከእጁ የወጣ ነገር ስለሆነ ብቻ ድምፁን መስማት ፈለግኩ። "ምንም ባይል ምንም አይደለም፤ ያንብብልኝ በይው" አልኳት። ሽማግሌው ሳህኑን እያዞረ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አነበበ፦

"ቬውሃ... ቴዌሌድኩ... ዬቭሬ ሂዌት... ቴቫልኩ።"

ፈዲላ ክንዴን ያዘችው። "እትዬ! ተወለድኩ አለ!"

"ድገመው በይው።"

ደገመው። በሦስተኛው እኔም አብሬው አልኩ። ግሪኮች የኛን "በ" እንደ "ቨ"፣ የኛን "ገ" እንደ "የ" አድርገው ነው አሁን የሚያነቡት፤ ይህን በኋላ ነው ሚስተር ኒኮ ያስረዳን። ያኔ ግን ማስረዳት አላስፈለገኝም። እኔ ራሴ ሆቴል ስገባ "ሃውስኪፒንግ" የሚለውን በፊደላችን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ አልነበር? ልጄ አማርኛውን በግሪክ ፊደል ጻፈው። እንዲህ ነው የሚለው፦

በውሃ ተወለድኩ፣ ገብረ ሕይወት ተባልኩ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስተር ኒኮ ምን አጠፋሁ ብሎ ደንግጦ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ፈዲላ "ምንም አላጠፋህም፣ አንተ ሰውዬ፤ ምንም አላጠፋህም" እያለች በአማርኛ ትነግረዋለች።

ማታውኑ ለቄስ ሀብተሥላሴ ነገርኳቸው። "ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ ያጠመቀው ካህን ይፈለግ" አሉ። አራት ቀን ስልክ ደወሉ። ትናንት አገኟቸው፤ ሎስ አንጀለስ ያሉ ካህን ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ነው ያለኝ አራት ሰዓት ነድቶ ትምህርት ሊማር ሲሄድ ነው። የካቲት 1 ቀን 2012፣ እሑድ፣ ተጠመቀ፤ ቆረበም። መዝገባቸው ላይ ተጽፏል። "ለፋሲካ እናቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ ነው የምነግራት ብሎኝ ነበር" አሉኝ። ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም ተዘግቶ ነበር።

እትዬ አስካል፣ ይቅር ብዬዎት ይሁን አይሁን አላውቅም። ባውቅ እጽፍልዎ ነበር። ልጄ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለ ስም ኖረ፤ እርስዎ ያውቁ ነበር፤ እኔ እግርዎን እስም ነበር። ይህን አንዱም ሳህን አያጥበውም። ግን እውነቱን ለእሱ ባይነግሩት አይሄድም ነበር። ይህንንም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቅቶኛል።

አንድ ነገር ያድርጉ። ያኔ በተመለሱበት በር ይግቡ። ስሙን ለካህኑ በጆሮ ሳይሆን ሰው በሚሰማው ድምፅ ይንገሩ። ሙት ዓመቱ ሰኔ 8 ነው።

ታየች

*

አሰላ፣ ግንቦት 2 ቀን 2013

ለውድ እህቴ ለታየች፣

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገባሁ። መሪጌታው ከሌሎች ካህናት ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ነበሩ። "ያ የጠልሰሙ ልጅ ስሙ ገብረ ሕይወት ነው" አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሴቶቹም ዞሩ።

"ማን አስጠመቀው?" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም። እኔ ከዚህ በር የመለስሁት ነኝ። ራሱ ሄዶ ተጠመቀ።"

የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ሰሙ። አንዷ ጎረቤቴ ዛሬ ጠዋት ሰላም አላለችኝም። ይገባኛል። መሪጌታው ግን ተነሥተው፣ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ በወረቀት ጻፉት። "በዚያ በምልክቱ ነገር ቸኩዬ ነበር፤ እናቱን ይቅር በይን በይልኝ" አሉኝ። ሰኔ 8 ይደረሳል።

እኔ ይቅር በይኝ አልልሽም። ያዘዝሽኝን አድርጌያለሁ።

አስካል

*

ለዚህ ደብዳቤ እስካሁን አልመለስኩም። ወረቀቱን አውጥቼ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ከዚያ አልፌ አላውቅም። ምናልባት ከሰኔ 8 በኋላ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለልጄ ጸልዩለት። የእኔ እምነት ያልሆናችሁ ወዳጆቼም በየጸሎታችሁ አስቡት፤ ፈዲላ በየሶላቷ ዱዓ እንደምታደርግለት ነግራኛለች፤ ሰርፀ እያለች ነው የምትለምንለት፣ ፈጣሪ ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን የምትጠሩት ግን ገብረ ሕይወት በሉት። ስሙን ይዞ የኖረው አራት ወር ብቻ ነው። እኔ እናቱ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም፤ አቤት ብሎኝም አያውቅም። ስለዚህ በሹክሹክታ አታድርጉት። ነፍሰ ገብርከ ገብረ ሕይወት ብላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ጥሩልኝ።